ልጅን ወደ ተርኪ አደን ከመውሰድ በፊት፦ ደኑን ስለማጥናትና አውራውን ስለመጥራት

የተከበራችሁ ወላጆችና ወጣቶች፣

በቨርጂኒያና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ስለ ጸደይ የተርኪ (ዶሮ መሰል ትልቅ ወፍ ነው) አደን እየሰሙ «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል። ይህን ጥያቄ ይዘው ወደ እኔ የሚመጡ አባቶችና እናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከጠመንጃው ነው፤ የትኛው ይሻላል፣ ስንት ያወጣል፣ ለልጅ ትከሻ አይከብድም ወይ ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይ ግን የአደኑ ወቅት ከመከፈቱ በፊት ያሉት ሳምንታት ናቸው፤ ምክንያቱም በእኔ እምነት የአንድ ልጅ የመጀመሪያ አደን የሚቃናውም የሚበላሸውም በእነዚያ ሳምንታት ነው። ምንም ሳያውቅ በሌሊት ተቀስቅሶ፣ በብርድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ «አትንቀሳቀስ» ብቻ እየተባለ የሚያነጋ ልጅ የሚሰማው ድካም ነው። ቀደም ብሎ ከወላጁ ጋር ደኑን የዞረ፣ የወፉን ዱካ በጣቱ የለካ፣ የወፉን ድምፅ የሚያስመስለውን መጥሪያ በራሱ እጅ ያስጮኸ ልጅ ግን በዚያው ብርድ ውስጥ የሚሰማውን እያንዳንዱን ድምፅ ምንነት ስለሚያውቅ ጠብቆ አይሰለችም።

ስለ ወፉ ታሪክ ጥቂት ልበል፤ ልጆቻችሁ ይህን ከእናንተ ቢሰሙ ደስ ይለኛል። የዱር ተርኪ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ገደብ ያልነበረው ለገበያ የሚደረግ አደንና የደን ጭፍጨፋ ተባብረው ወፉን ከብዙ ግዛቶች ጨርሰውት ነበር። በ1937 የወጣው የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል አደረገ፤ በረጃጅም ጠመንጃዎችና በጥይት ላይ የሚከፈለው ቀረጥ 11 በመቶ ነው። መጀመሪያ የተሞከረው ዘዴ በግቢ የተፈለፈሉ ጫጩቶችን አሳድጎ ወደ ዱር መልቀቅ ነበር፤ ይህ አልሠራም። የዱር እናት ያላሳደገቻቸው ወፎች ከቀበሮና ከጉጉት መሸሽን ስላልተማሩ ብዙም ሳይቆዩ አለቁ። ሥራውን የለወጠው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በትናንሽ መድፎች የሚወነጨፍ መረብ ለተርኪ መያዣነት መዋሉ ነው፤ በዚህ መረብ የዱር ወፎች በሕይወት እየተያዙ ወዳለቁባቸው ደኖች ተወስደው ተለቀቁ። በ1973 ደግሞ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ፍሬድሪክስበርግ ከተማ ላይ ብሔራዊ የዱር ተርኪ ፌዴሬሽን ተመሠረተ። ዛሬ ከአላስካ በስተቀር በሁሉም ግዛቶች የዱር ተርኪ ይገኛል፤ ቁጥሩም በሚሊዮን ይቆጠራል።

ይህን የማነሣው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። በአገራችን አደን ዝሆን ገዳይ፣ አንበሳ ገዳይ፣ ጎሽ ገዳይ እየተባለ የሚፎከርበት የጀግንነት ማሳያ ነበር፤ ብዙዎቻችን ስለ አደን ስንሰማ ያደግነውም በዚያ ወግ ነው። የጸደይ ተርኪ አደን የቆመበት መሠረት ሌላ ነው። አዳኙ በሚከፍለው ፈቃድና ቀረጥ ወፉ ይጠበቃል፤ የሚታደነውም በተወሰነ ወቅት፣ በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ቁጥር ብቻ ነው። በቨርጂኒያ በጸደይ ወቅት መግደል የሚፈቀደው በደረቱ ላይ ጢም ያለውን ተርኪ ብቻ ሲሆን፣ በቀን ከአንድ በላይ አይፈቀድም። ጢሙ ከደረቱ መሐል ወጥቶ ወደ ታች የሚንጠለጠል ጥቁር ጠጉር መሰል ነገር ነው። ልጁ ይህን ገደብና ምክንያቱን ጠመንጃ ከመንካቱ በፊት ሊያውቅ ይገባል።

አሁን ወደ ወፉ ጠባይ ልግባ፤ ደን ማጥናቱም መጥራቱም የሚመነጨው ከዚህ ነውና። የዱር ተርኪ የማሽተት ችሎታው ደካማ ነው፤ ዓይኑና ጆሮው ግን እጅግ ስል ናቸው። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ አንገቱን በጥቂቱ ብቻ አዙሮ ዙሪያውን ሁሉ ያያል፤ ቀለምም ይለያል። የሌሊት እይታው ግን ደካማ በመሆኑ ሲመሽ ወደ ዛፍ በርሮ ያድራል፤ ሲነጋም ወደ መሬት ይወርዳል። በጸደይ አውራው፣ ማለትም ወንዱ ተርኪ፣ ገና ከማደሪያው ዛፍ ሳይወርድ ጎብል የሚባለውን የሚንከባለል ጩኸቱን ማሰማት ይጀምራል። ጩኸቱ ለሴቶቹ «እዚህ ነኝ፣ ኑ» ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ አንድ ልጅ ይህን ነጥብ ከተረዳ የአደኑን ግማሽ ተረድቷል ብዬ አምናለሁ። በተፈጥሮ ሥርዓት ጥሪውን ሰምታ ወደ ወንዱ የምትሄደው ሴቷ ናት፤ ወንዱ ጅራቱን አንሰራፍቶ፣ ክንፎቹን መሬት ላይ እየጎተተ፣ ባለበት እየተንጎራደደ ይጠብቃታል። እኛ ዛፍ ሥር ተቀምጠን የሴቷን ድምፅ ስናሰማ ይህንን ሥርዓት ገልብጠን «አንተ ና» እያልነው ነው። ስለዚህ አውራው መልስ እየሰጠ፣ እየጮኸ፣ ሰባ ወይም ሰማንያ ሜትር ላይ ደርሶ ቀጥ ብሎ ቢቆም ሊገርመን አይገባም። ድምፁን ከሰማበት ቦታ ሴቷን ማየት ይፈልጋል፤ ካላያት ቆሞ እንድትመጣ ይጠብቃል። በመካከል ወንዝ፣ አጥር ወይም ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ካለ ደግሞ ላይሻገር ይችላል። እንግዲህ ልፋታችን ሁሉ ያተኮረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ አውራው ያለ ምንም መሰናክል መጥቶ ሴቷን ፍለጋ አንገቱን ሲያሰግግ ከልጁ ሠላሳ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ እንዲገኝ የት ብንቀመጥ ይሻላል? መልሱ የሚገኘው ቀደም ብሎ በሚደረግ ጥናት ነው።

ጥናቱ በክረምቱ ማብቂያ ሊጀመር ይችላል፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተርኪዎች በክረምት ብዙ ሆነው በመንጋ ይውላሉ፤ ማርች ሲጋመስ መንጋው እየተበተነ ወፎቹ ወደ መራቢያ ሥፍራቸው ይሄዳሉ። በፌብሩዋሪ ብዙ ወፍ ያያችሁበት የበቆሎ ማሳ በኤፕሪል ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የክረምቱ ጉብኝት መሬቱን ለማወቅ፣ ይኸውም ሸንተረሩን፣ የቆዩ የእንጨት መጎተቻ መንገዶችን፣ ውሃውንና በኦክ ዛፍ የተሸፈኑትን ተዳፋቶች ለመለየት ይጠቅማል፤ ወፎቹ በእርግጥ የት እንዳሉ የሚታወቀው ግን ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው።

ከሰሜን ቨርጂኒያ ተነሥታችሁ ወደ ምዕራብ ብትነዱ በጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሰፊ የአደን መሬት አለ። የግል እርሻ ላይ ለማደን ከፈለጋችሁ ደግሞ ባለቤቱን ማስፈቀድ ግዴታ ነው። በዚህ ጉዳይ ወገኖቻችን ሲያመነቱ አያለሁ፤ የማናውቀውን ገበሬ በር ማንኳኳት ያሳፍረናል። እኔ የምመክረው ልጁን ይዛችሁ፣ በቀን ብርሃን፣ ወቅቱ ከመከፈቱ ብዙ ቀደም ብላችሁ ሄዳችሁ ልጁ ራሱ እንዲጠይቅ ነው። ፈቃዱንም በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በሩን እንዴት እንደምትዘጉ፣ መኪና የት እንደምታቆሙና ከብቶቹ የት እንዳሉ ጠይቁ። ፈቃድ ባይሰጥ እንኳ ልጁ ሰው ፊት ቆሞ በጨዋነት መጠየቅን ይለማመዳል።

የጥናቱ ዋና ክፍል ማዳመጥ ነው። ንጋት ሊቀድ ሲል፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ከፍ ያለ ሸንተረር ላይ ወይም የመኪና መንገድ ዳር ቆማችሁ ዝም በሉ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት የአውራ ጩኸት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሰማ ይችላል። በራሱ ካልጮኸ የጉጉትን ድምፅ በመጥሪያ ወይም በአፍ ማሰማት ይቻላል። በምሥራቅ አሜሪካ ደኖች የሚኖረው ባርድ አውል የተባለው ጉጉት ስምንት ድምፅ ያለው የታወቀ ጥሪ አለው፤ አውራው ይህን ወይም የቁራ ጩኸት ድንገት ሲሰማ ሳያስበው ይጮኻል፤ ያለበትም ይታወቃል። ልጆች የጉጉትን ድምፅ ማስመሰል እጅግ ይወዳሉና ይህን ሥራ ለእነርሱ ተዉላቸው። ጩኸቱ ሲሰማ ልጁ በእጁ አቅጣጫውን ይጠቁም፤ ከዚያ ካርታ ላይ ምልክት ያድርግ። በሌላ ቀን ከሌላ ቦታ ስትሰሙት ሁለቱ አቅጣጫዎች የሚገናኙበት የማደሪያው ዛፍ አካባቢ ነው። ማታም ጀንበር ስትጠልቅ ወደ ዛፍ ሲወጡ የክንፋቸው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ወደ ማደሪያው ዛፍ ግን አትጠጉ፤ ሌሊት ከማደሪያው የተባረረ ወፍ ሌላ ቦታ ሊያድር ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፤ በጥናቱ ወቅት የሴቷን ድምፅ አታሰሙ። ወቅቱ ሳይከፈት በየደኑ መጥሪያ እየፋቁ የሚዞሩ ሰዎች አውራው መልስ ሲሰጣቸው ይደሰታሉ፤ ወፉ ግን ወደ ድምፁ መጥቶ ሴት ሳይሆን ሰው ካገኘ ያን ድምፅ መጠርጠር ይጀምራል። የጉጉትና የቁራ ድምፅ ይህን ጉዳት አያደርስም። መጥሪያው እቤት ይቆይ፤ ልጁ ደን ውስጥ ልሞክረው ብሎ ቢለምን እንኳ ምክንያቱን አስረድታችሁ ከልክሉት።

ቀኑ ሲበራ መሬት ላይ የተጻፈው ይነበባል። ተርኪ ሲመገብ የወደቀውን ቅጠል ወደ ኋላ ይጭራል፤ ስለዚህ በደኑ ወለል ላይ ቅጠሉ ተገልጦ እርጥብ ጥቁር አፈር የሚታይባቸው ቦታዎች ታገኛላችሁ። አፈሩ ገና ካልደረቀ ወፎቹ ያለፉት በቅርቡ ነው። የተከመረው ቅጠል ያለበት ወገን ወፉ የመጣበት ስለሆነ ወዴት እየሄዱ እንደነበርም ይታወቃል። ኩሱ ራሱ ጾታን ይናገራል፤ የወንዱ ረዘም ብሎ ጫፉ ላይ ይቆለመማል፤ የሴቷ የተጠቀለለ ወይም የተከመረ ነው። በጭቃ መንገድ ላይ መካከለኛው ጣት ጎልቶ የረዘመበትና ከ10 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ ዱካ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የአውራ ነው። የደረት ላባ ብታገኙ ለልጁ ስጡትና ጫፉን ይመልከት፤ የወንዱ ጫፍ ጥቁር ነው፤ የሴቷ ቡናማ። ከሁሉም የሚያስደስተኝ ምልክት ግን አውራው የተንጎራደደበት ቦታ ነው፤ በለሰለሰ አፈር ላይ የእግሩ ዱካ መሐል ሆኖ በግራና በቀኝ የክንፉ ጫፎች የጫሯቸው ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ይታያሉ። ልጁ ተንበርክኮ መስመሮቹን በጣቱ ሲከተላቸው ማየት ለእኔ ከአደኑ የማያንስ ደስታ ነው። እንዲህ ያለውን ሥፍራ ልብ በሉ፤ አውራው በየቀኑ ሊመለስበት ይችላል።

ወደ መጥሪያው ልሻገር። ለልጅ የሚመቸው መጀመሪያ ቦክስ ኮል የሚባለው የእንጨት ሳጥን ነው። ግድግዳው ቀጭን፣ ላዩ ክፍት፣ ክዳኑ ደግሞ በአንድ ጫፉ በብሎን የተያዘ ነው፤ የክዳኑን ሆድ ሰም የሌለበት ጠመኔ ቀብታችሁ በሳጥኑ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ስትስቡት ከቀጭን ወደ ወፍራም የሚወርድ ድምፅ ይወጣል። ይህ የሚባለው ዬልፕ ነው፤ የሴቷ ዋና ጥሪ። ልጆች ክዳኑን ከሳጥኑ ላይ እያነሡ ስለሚያጋጩት ድምፁ ይቆራረጣል። ክዳኑ ከጠርዙ ሳይለይ፣ በእጅ ሳይጫን፣ በራሱ ክብደት ብቻ እንዲንሸራተት አስተምሯቸው። ሳጥኑ ከረጠበ አይጮኽምና ፕላስቲክ ውስጥ ይያዝ። ሁለተኛው ፖት ኮል ነው፤ «ስሌት» ከሚባል ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ከመስታወት የተሠራ ክብ ገጽ አለው፤ በቀጭን እንጨት ይጫራል። ድምፁ ለስላሳ ስለሆነ አውራው ሲቀርብ ይሻላል፤ ነገር ግን ሁለት እጅ ይጠይቃል። በአፍ ውስጥ የሚቀመጠው ላስቲክ እጅን ነፃ ቢያደርግም ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል፤ ለትንሽ ልጅም የመታነቅ ሥጋት ስላለው እኔ አልመክረውም። እርሱን የሚይዘው ወላጁ ይሁን።

መማር ያለባቸው ድምፆች ጥቂት ናቸው። ዬልፕ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ በእኩል ምት ይባላል። ክላክ አንድ አጭር ድምፅ ነው፤ ሴቷ ተረጋግታ ስትመገብ «እዚህ አለሁ» የምትልበት። ፐር ደግሞ የሚንቀጠቀጥ ለስላሳ ድምፅ ነው። ከእነዚህ ሌላ ፐት የሚባል ስለታም፣ ደረቅ ድምፅ አለ፤ ይህ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ስለሆነ ልጁ ሰምቶ ይወቀው እንጂ አያሰማው። ስልካችሁ ላይ የእውነተኛ ሴት ተርኪ ቅጂ ከፍታችሁ እንዲያዳምጥ ማድረግ ጥሩ ትምህርት ነው፤ በአደኑ ቦታ ግን በኤሌክትሮኒክ ድምፅ መጥራት በቨርጂኒያና በብዙ ሌሎች ግዛቶች የተከለከለ መሆኑን አትዘንጉ። መኖም በትኖ መጠበቅ እንዲሁ ክልክል ነው።

አዳማጭ ወላጅ የልጁን ድምፅ ጥራት ከመጠን በላይ ያርማል። እኔ ከጥራቱ ይልቅ ምቱን እመለከታለሁ። የዱር ሴቶች ራሳቸው አንዳንዶቹ የሻከረ፣ የተሰነጠቀ ድምፅ አላቸው፤ አውራው በዚያ አይከፋም። ምቱ ሲዛባና ጥሪው ሲበዛ ግን ይጠረጥራል። ከሁሉም ከባዱ ትምህርት ዝምታ ነው። አውራው አንድ ጊዜ መልሶ ወደ እናንተ መምጣት ከጀመረ መጥሪያው ይቀመጥ። ብዙ በጠራችሁት ቁጥር ሴቷ ራሷ እየመጣች እንደሆነ ያስባልና ቆሞ ይጠብቃል፤ ዝም ስትሉ ደግሞ ጥላኝ ሄደች ብሎ ይፈልጋታል። በዝምታው መካከል ቅጠል በእጅ ጫር ማድረግ፣ ወፍ እንደሚመገብ ማስመሰል፣ ከማንኛውም ጥሪ በላይ ሲያመጣው አይቻለሁ።

አሁን ስለ አቀማመጥና ስለ ደኅንነት እናገራለሁ፤ በዚህ ክፍል ምንም ማላላት አይቻልም። በጸደይ ደን ውስጥ ሌሎች አዳኞችም አሉ፤ እናንተም የወፍ ድምፅ እያሰማችሁ ነው። ስለዚህ ጀርባችሁን ከትከሻችሁ ለሚሰፋ፣ ከራሳችሁም በላይ ለሚረዝም ዛፍ ሰጥታችሁ ተቀመጡ። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ በልብሳችሁም ሆነ በካልሲያችሁ ላይ እንዳይታይ፤ የአውራው ጭንቅላት ቀለሞች እነዚህ ናቸው። የልጁን የአፍንጫ መጥረጊያ ሶፍት ሳይቀር አስቡት። ሌላ አዳኝ ወደ እናንተ ሲመጣ ካያችሁ እጅ አታወዛውዙ፣ አትነሡም፤ ባላችሁበት ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ በሰው ድምፅ ተናገሩ። የጎብል ጩኸት አታሰሙ። የሚጮኽ ተርኪ ወዳለበት ተደብቆ መጠጋትም አይገባም፤ ጩኸቱ የሌላ አዳኝ ሊሆን ይችላል። የተገደለውን ወፍ ደግሞ በብርቱካንማ ጨርቅ ወይም ከረጢት ሸፍናችሁ ተሸከሙ።

ትንሽ ልጅ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ አይችልም፤ ይህን እንደ ጥፋት አንቁጠርበት። ብላይንድ የሚባለው የመደበቂያ ድንኳን እንቅስቃሴውን ስለሚሸፍንለት ለመጀመሪያ ጊዜ ተመራጭ ነው። ልጁ በዝቅተኛ ወንበር ይቀመጥ፤ ጠመንጃው በመደገፊያ ሹካ ላይ ይረፍ፤ ወላጁ ከኋላው በአፈሙዙ አቅጣጫ ማየት በሚችልበት በኩል ይሁን። ድንኳኑ ፊት ለፊት ሃያ አምስት ሜትር ላይ ያለውን አንድ ዛፍ ወይም ድንጋይ ቀድማችሁ ለዩና ወፉ ከዚያ ወዲህ ካልገባ እንደማይተኮስ ከልጁ ጋር ተስማሙ።

ጠመንጃውን በሚመለከት፣ ለልጅ አካል ተስተካክሎ አጠር ያለ ባለ 20 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) ሾትጋን፣ ይኸውም ረሽ የሚባሉ ብዙ ጥቃቅን እንክብሎችን የሚበትን ጠመንጃ፣ ለብዙዎቹ ይበቃል። ዋናው ነገር ያ ጠመንጃ በዚያ ጥይት ረሹን እንዴት እንደሚበትን በወረቀት ኢላማ ላይ ማየት ነው። በልምምድ ጊዜ ቀላል ጥይት ተጠቀሙ፣ ጆሮና ዓይን ይሸፈን፤ ከባዱን የተርኪ ጥይት አንድ ሁለት ጊዜ ወላጁ ይተኩስና ብትኑን ይይ። ልጅ በልምምድ ትከሻው ከታመመ በአደኑ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ ይተኩሳል። የሚነጣጠረው ጭንቅላቱና አንገቱ ላይ ነው። አውራው በሚንጎራደድበት ጊዜ አንገቱ ወደ ላባው ስለሚሸጎጥ መተኮስ አይገባም፤ ወላጁ አንድ ክላክ ቢያሰማ አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ የልጁ ቅጽበት ያ ነው። ይህንን ከኢላማው ፊት ቃል በቃል ደጋግማችሁ ተለማመዱት።

ቨርጂኒያ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ከመደበኛው ወቅት በፊት በኤፕሪል መጀመሪያ የተለየ ቅዳሜና እሑድ ትሰጣለች። በእነዚያ ቀናት ፈቃድ ያለው አዋቂ አብሮ ይሄዳል፤ ይጠራል፣ ያግዛል፤ አይተኩስም። ሰዓቱንና ፈቃዱን በየዓመቱ ከሚወጣው የግዛቱ የዱር እንስሳት ሀብት መምሪያ ደንብ ላይ አንብቡ። ይህ ሳምንት በብዙ ዓመታት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ጿሚ ቤተሰብ ሥጋውን አጽድቶ ለፋሲካ በረዶ ቤት ማኖር ይችላል፤ ነገር ግን በጥይት የሞተ ወፍ ሥጋ እንዴት እንደሚታይ ከንስሐ አባታችሁ ጋር፣ ሙስሊም ወገኖቼም ከሃይማኖት አስተማሪያችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ልጁ ወፉን ይዞ ቤት ከገባ በኋላ «ይህ አይበላም» መባል የለበትም። መዥገርን በተመለከተም፣ የዚህ አገር መዥገር «ላይም» የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ ሱሪ በካልሲ ውስጥ ይግባ፤ ማታ የልጁ ብብት፣ ጉልበት ሥርና የራስ ቅሉ ይፈተሽ።

በአደኑ ጠዋት ገና ሳይነጋ ተቀመጡ። አውራው ዛፍ ላይ ሳለ ለስላሳ ዬልፕ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃዋል። ወርዶ ከሴቶች ጋር ከሄደ ልጁ አደኑ አለቀ ብሎ እንዳያዝን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሴቶቹ ረፋዱ ላይ እንቁላል ለመጣል ወደ ጎጆአቸው ሲሄዱ አውራው ብቻውን ይቀርና ጠዋት የናቀውን ድምፅ ፍለጋ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሰው በዚያ ሰዓት ቁርስ ፍለጋ ከደን ወጥቷል። ቁርሱን ይዛችሁ ግቡ፤ ዳቦ ቆሎም ይሁን ትኩስ ሻይ፣ ልጁ ይብላ፣ ጥቂትም ያንቀላፋ። ይሁን እንጂ ልጁ በእውነት ከበረደው ወይም ከሰለቸ አውራው እየጮኸም ቢሆን ተነሡ። ስትወጡም አውራው ከዓይንና ከጆሮ እስኪርቅ ጠብቃችሁ፣ ወደ እርሱ ሳትሄዱ በመጣችሁበት ውጡ፤ ካላስደነገጣችሁት በማግሥቱ ወደዚያው ሸንተረር ሊመለስ ይችላል፤ ልጁም የት መቀመጥ እንዳለበት ያውቃል።